የጠማቂዎች ጥያቄ፦ ኤርሎኩ ዝም ሲል

ለዚህ ዕትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የበዙት በሁለት ጉዳይ ላይ ናቸው፤ አንደኛው ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የሆፕስ አበባ አያያዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቢራው ተብላልቶ መጨረሱን በምን እናውቃለን የሚለው ነው። አንድ ላይ ያቀረብኳቸው በምክንያት ነው፤ ሆፕሱ ራሱ ያለቀ የመሰለውን መብላላት መልሶ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ከታች ካሉት ደብዳቤዎች በአንዱ ታያላችሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ቁጥሮቹን ግን አልነካኋቸውም፤ ቁጥር ጽፎ የሚልክልኝን ሰው መርዳት ይቀለኛልና።

ጥያቄ፦ 20 ሊትር ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ ጠምቄ እርሾ ከጨመርኩበት በኋላ ኤርሎኩ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው የክዳኑ መተንፈሻ) ሁለት ቀን ሙሉ ሌት ተቀን ሲንደቀደቅ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ማታ ዝም አለ። እርሾ ከመጨመሬ በፊት ሃይድሮሜትሩ፣ ማለትም የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር የሚያነጻጽረው መሣሪያ፣ 1.050 ነበር ያሳየኝ። ጠርሙሶቹን አጥቤ ጨርሻለሁ። ነገ ልሙላ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገ አይሙሉ። የታጠቡትን ጠርሙሶች አፋቸውን ሸፍነው ያቆዩአቸው፤ የመሙያው ቀን ሲደርስ በማምከኛው አንድ ጊዜ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚቀርዎት።

ኤርሎክ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ በእሱ በኩል ጋዝ ማለፉን። ጋዙ በሌላ ቀዳዳ እየወጣ ከሆነ አያውቅም። የመጥመቂያው ክዳን ጎማ ትንሽ ከተጣመመ ጋዙ በዚያ ሾልኮ ይወጣና ቢራው ገና እየተብላላ ኤርሎኩ ጸጥ ይላል። ማታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በመጥመቂያው አናት ያለው ጋዝ ይኮማተራል፣ ከፊሉም ወደ ቢራው ተመልሶ ይሟሟል፤ ያኔም ጸጥታ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። መብላላቱ ካበቃ ከቀናት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም የአየሩ ግፊት ዝቅ ሲል፣ በቢራው ውስጥ የተሟሟው ጋዝ ይለቀቅና ኤርሎኩ እንደ አዲስ ይንደቀደቃል። ስለዚህ ኤርሎኩን እንደ ወሬ ነጋሪ እንጂ እንደ ምስክር አልቆጥረውም።

ከእሱ የሚሻለው አረፋው ነው። መጥመቂያዎ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ክዳኑን ሳይነኩ ከጎን በባትሪ እያበሩ ይመልከቱ። መብላላቱ ሲጋጋል ወፍራም አረፋ ይነሳል፤ አናቱም ላይ ቡናማና አረንጓዴ ቅርፊት ይይዛል፤ ይህም የሆፕሱ ሙጫና የእርሾው ድብልቅ ነው። አረፋው ሲወርድ ግድግዳው ላይ የደረቀ ቀለበት ይተዋል። ቀለበቱን ካዩ ዋናው ግርግር አልፏል ማለት ነው። አልፏል ማለት ግን አልቋል ማለት አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች (አንድ ነጥብ በሃይድሮሜትሩ ላይ 0.001 ነው) ያለ ብዙ አረፋ፣ ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት።

ማለቁን የሚያረጋግጥልዎ ሃይድሮሜትሩ ነው። ስኳር ያዘለው የብቅል ጭማቂ ከውሃ ይከብዳል፤ ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው ፈሳሹ ይቀላል፤ ሃይድሮሜትሩም ቀድሞ ከቆመበት ዝቅ ብሎ ይሰምጣል። አለካኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ስለሚቸኩል ላብራራው። በመጥመቂያው ቧንቧ ወይም በተጠበቀ ንጽሕና በታጠበና በተመከነ ጭልፋ፣ የመለኪያውን ቱቦ የሚሞላ ያህል ይቅዱ። ወዲያው አይለኩ። ቢራውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ደጋግመው እየገለበጡ ጋዙን ያስወጡት፤ አለዚያ ጥቃቅን አረፋዎች በሃይድሮሜትሩ ሆድ ላይ ተለጥፈው ወደ ላይ ይገፉታል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ ከፍ ይላል። ከዚያ መሣሪያውን አስገብተው በሁለት ጣት አንዴ አሽከርክረው ይልቀቁት። ሲረጋ ዐይንዎን ከፈሳሹ ገጽ እኩል ዝቅ አድርገው ያንብቡ። ፈሳሹ በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚነበበው ግን ያ የወጣው ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋው ገጽ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የእርስዎ ለስንት እንደሆነ በውስጡ ካለው ወረቀት ላይ ያገኙታል። ናሙናው 30 ዲግሪ ከሆነ ወደ 0.003 ገደማ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይዎት ያንን ይደምሩ፤ ወይም እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ናሙናውን ወደ መጥመቂያው አይመልሱት። ይቅመሱት፤ ጣፋጭነቱ በየቀኑ እንዴት እንደሚቀንስ ምላስዎ ይማራል።

ከ1.050 ተነስቶ እንደ ተራ ፔል ኤል እርሾ ከሆነ በ1.010 እና በ1.014 መካከል ይረጋል ብለው ይጠብቁ። 1.012 ላይ ቆመ እንበል። ልዩነቱ 0.038 ነው፤ በ131.25 ሲያበዙት ወደ 5 ከመቶ አልኮል ይመጣል። አንድ ንባብ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው ያው ቁጥር ከመጣ ያኔ ይሙሉ።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ይረዱልኝ። ጠርሙስ ስንሞላ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር የምንጨምረው በእያንዳንዱ ሊትር ቢራ ውስጥ ወደ 2.4 ሊትር ጋዝ እንዲኖር ነው። ቢራው ሳያልቅ በ1.018 ሞልተውት ጠርሙሱ ውስጥ እስከ 1.012 ቢወርድ፣ እነዚያ 6 ነጥቦች በሊትር ወደ 3 ሊትር ጋዝ ይጨምሩበታል። ድምሩ ከ5 ያልፋል። ተራ የቢራ ጠርሙስ ከ3 ገደማ በላይ መሸከም አይጠበቅበትም። የሚፈነዳ ጠርሙስ ዐይን ያጠፋል፣ እጅ ይቆርጣል፤ አንዱ ሲፈነዳ አጠገቡ ያለውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ቁጥሩ 1.020 አካባቢ ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ መጥመቂያውን ወደ 20 ወይም 22 ዲግሪ ወደሚሞቅ ቦታ ይውሰዱት፤ ክዳኑን ሳይከፍቱም ቀስ አድርገው ወዝወዝ እያደረጉ ከሥር የተኛውን እርሾ ያንሱት። በሳምንት ውስጥ ካልተነቃነቀ መልሰው ይጻፉልኝ፤ ብቅሉን በስንት ዲግሪ ሙቅ ውሃ እንደዘፈዘፉትም ይጨምሩልኝ። ወደ 70 ዲግሪ በተጠጋ ውሃ የተዘፈዘፈ ብቅል እርሾው የማይበላው ስኳር ይበዛዋል፤ እንደዚያ ከሆነ ቢራው እዚያው ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከ100 ግራም የሆፕስ ፔሌት ግማሹን ተጠቅሜ የቀረውን ከነከረጢቱ አሥሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ከወራት በኋላ ስከፍተው አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ያረጀ አይብም ይሸታል። “ሲፈላ ይጠፋል” ይሉኛል፤ እውነት ነው? ሌላው ደግሞ፣ የያዝኩት ቀመር 5 ከመቶ አልፋ አሲድ (የምሬቱ ምንጭ) ካለው ሆፕስ 30 ግራም ጨምሪ ይላል። አዲስ ያገኘሁት ግን 12 ከመቶ ነው። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያንን ሆፕስ ይጣሉት። እርግጥ ነው፣ ላምቢክ የሚባለውን የቤልጅየም ቢራ የሚጠምቁት ሆን ብለው ያስረጁትን ሆፕስ ይጠቀማሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ግን ምሬቱንም መዓዛውንም ሳይሆን ጎጂ ባክቴሪያን የሚገታበትን ኃይል ነው፤ የሚያፈሉትም ለረጅም ሰዓታት ነው። የእርስዎ ጠመቃ ያ አይደለም።

የሆፕስ ፍሬ የሚመስለው ነገር የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። ሙሉ አበባ ካገኙ በአውራ ጣትዎ ለሁለት ሰንጥቀው ይዩት፤ በቅጠሎቹ ሥር እንደ አበባ ብናኝ ያለ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቢጫ ዱቄት አለ። ሉፑሊን ይባላል። ምሬቱም መዓዛውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ቀሪው ሣር ነው ማለት ይቻላል። ፔሌት ማለት ደግሞ ያው አበባ ተፈጭቶ ተጨፍልቆ ነው። ሉፑሊኑ ከአየርና ከሙቀት ጋር ሲቆይ አልፋ አሲዱ ይፈርሳል፣ ከፍራሹም አንዱ ኢሶቫለሪክ አሲድ ነው፤ ያረጀ አይብ የሸተተዎት እሱ ነው። ሽታው ማፍላት ላይ በከፊል ሊቀንስ ይችላል። የጠፋው ምሬትና የጠፋው መዓዛ ግን አይመለስም፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ከጨመሩት አይቡን ይጠጡታል።

አዲሱን ከረጢት ከመጠቀምዎ በፊት አንድ ፔሌት መዳፍዎ ላይ አድርገው በሌላው መዳፍ እስኪፈራርስና እስኪሞቅ ድረስ ያሹት፤ ከዚያ ሁለቱን እጅዎን ከአፍንጫዎ አስጠግተው ያሽትቱ። ደህና ሆፕስ እንደየዝርያው የሎሚ ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ፣ የአበባ ወይም የቅመም ሽታ አለው፤ መዳፍዎም ላይ ዘይት ይተዋል። አቧራ ብቻ ከሸተተዎት አርጅቷል፤ አይብ ከሸተተዎት አልቆለታል።

ማቆያው የማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ነው፤ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች። ከረጢቱ ብርሃንና አየር የማያሳልፍ የብርማ ይሁን፤ አየሩን በመምጠጫ መሣሪያ ያውጡት፤ መሣሪያው ከሌለዎት በእጅዎ ጨፍልቀው አስወጥተው አጥብቀው ይዝጉት። የዝርያውን ስም፣ የአልፋውን መጠንና የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ። በጠመቃው ቀን ሚዛኑን ቀድመው ያዘጋጁ፤ ከረጢቱን አውጥተው የሚፈልጉትን ለክተው ወዲያው ይመልሱት። የቀዘቀዘ ከረጢት ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ከአየሩ ላይ ጤዛ ይስባል፤ ርጥበት የገባው ፔሌት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ቀመሩ የሚፈልገው 30 ግራም ሆፕስ ሳይሆን በውስጡ ያለውን 1.5 ግራም አልፋ አሲድ ነው። 1.5ን ለ0.12 ሲያካፍሉት 12.5 ግራም ይመጣል። በ20 ሊትር ላይ 60 ደቂቃ ቢያፈሉት ከአልፋው ሩብ ያህሉ ወደ መራራነት ይለወጣል ብለን ብንይዝ 19 የምሬት መለኪያ አሃድ (IBU) ገደማ ያገኛሉ፤ ያ ለለስላሳ ቢራ ተስማሚ ነው። በዚህ መጠን 1 ግራም ስሕተት ስለሚታወቅ ሚዛንዎ የግራም አሥረኛ የሚያሳይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ግን ለምሬት መጀመሪያ ላይ ለሚገባው ሆፕስ ብቻ ነው። አልፋ አሲድ በራሱ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ነው ቅርጹን ለውጦ የሚሟሟውና የሚመረው። መዓዛውን የያዙት ዘይቶች በተቃራኒው በእንፋሎት ይበራሉ። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ወይም እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚገባውን ሆፕስ በአልፋው አያስሉት፤ በግራምና በአፍንጫዎ ይወስኑት። እኔ የምወደው ጭማቂው ወደ 80 ዲግሪ ሲወርድ ጨምሮ 20 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ በዚያ ሙቀት የሚጨመረው ምሬት ጥቂት ነው፤ መዓዛው ግን ይቀራል። አደራ፣ በሚፈላው ላይ ፔሌት ሲጨምሩ እሳቱን ቀንሰው በትንሽ በትንሹ ይነስንሱት። አረፋው በቅጽበት ገንፍሎ ይወጣል፤ የፈላ የብቅል ጭማቂም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ውሻችን ከጠመቃው በኋላ የወጣውን የሆፕስ ዝቃጭ ትወደዋለች። ብቅሉን ስትበላ ምንም አልሆነችም። ሆፕሱንም ብሰጣት ችግር አለው?

መልስ፦ ፈጽሞ አይስጧት። ሆፕስ ለውሻ መርዝ ነው፤ ተፈልቶ የወጣውም ቢሆን። የሰውነቷን ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ያደርገዋል፤ ማለክለክ፣ መቅበጥበጥ፣ የልብ መፍጠን፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ ሊገድላትም ይችላል። ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ መብላቷን ባወቁበት ቅጽበት ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ ምን ያህልና መቼ እንደበላች ይንገሩ። ዝቃጩን ክዳን ባለው ዕቃ ይጣሉት። አትክልት ቦታ ላይ ክፍት ሆኖ የተከመረም ለጎረቤት ውሻ ያው ነው።

ጥያቄ፦ እርሾ ከጨመርኩ 20 ሰዓት ሆኖኛል፤ ምንም ነገር የለም። ስኳር ልጨምርበት?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ የሚበላው ስኳር ሞልቶለታል። እርሾ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መባዛት አለበት፤ 24 ሰዓት የተለመደ ነው፣ እስከ 72 ሰዓትም ይታገሱታል። የክዳኑን ጎማ ይፈትሹ፣ ሙቀቱን ይለኩ፤ ለኤል እርሾ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ጥሩ ነው። በ72 ሰዓት ሃይድሮሜትሩ ካልተነቃነቀ አዲስ ፓኬት ይጨምሩ፤ ለ20 ሊትር የ11 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። በነገራችን ላይ ጭማቂው ከ40 ዲግሪ በላይ እያለ ጨምረውት ከነበረ እርሾው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከእርሾው በፊት መጥመቂያውን ደህና አድርጎ መነቅነቅና አየር ማስገባት ይጠቅመዋል፤ መብላላት ከጀመረ በኋላ ግን አየር ጠላቱ ነው።

ጥያቄ፦ ቢራዬ በተከታታይ ልኬት 1.014 ላይ ረግቶ ነበር። ያኔ 80 ግራም ሆፕስ ሳላፈላ በ20 ሊትሩ ላይ ጨመርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ኤርሎኩ እንደገና ተነሳ፤ ዛሬ ስለካው 1.011 ነው። ተበከለብኝ?

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ በጣም ወደድኩት፤ ከመጨመርዎ በፊትም በኋላም ለክተዋልና። አለመበከሉ ነው የሚያመዝነው።

ሁለት ነገር ተደራርቦብዎታል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ፔሌቱ ሲገባ በቢራው የተሟሟው ጋዝ በብናኙ ላይ እየተንጠለጠለ ይወጣል፤ ይህ ኤርሎኩን ያንደቀድቃል እንጂ ሃይድሮሜትሩን አያወርድም። ሁለተኛው ግን ያወርዳል። ሆፕስ በውስጡ እንደ ብቅል ስታርች ሰባሪ ኢንዛይሞች አሉት፤ መጠናቸው ጥቂት ነው፣ ግን አሉ። በማፍላት ይሞታሉ። ሳይፈላ ሲገባ በሕይወት ይቆዩና እርሾው መብላት ያቃተውን ረጃጅም ስኳር ቆራርጠው ያቀርቡለታል፤ ተኝቶ የነበረውም እርሾ ይነሳል። ብራውንና ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ይህን በ1893 እ.ኤ.አ. መርምረው ጽፈውበታል። ዛሬ ብዙ ሆፕስ ሳይፈላ የሚገባባቸው ቢራዎች ስለበዙ ጉዳዩ እንደገና የትልልቅ ጠማቂዎች ራስ ምታት ሆኗል።

ብክለት ቢሆን ኖሮ ገጹ ላይ ስስ ነጭ ቆዳ ወይም ድር መሰል ነገር ያዩ ነበር፤ ወይም ኮምጣጣነት ይቀምሱ ነበር፤ ቁጥሩም 1.011 ላይ ሳይቆም ለሳምንታት መውረዱን ይቀጥል ነበር። ከእነዚህ አንዱንም አልጻፉልኝም።

እንግዲህ የቀድሞው 1.014 አሁን አያገለግልም። ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቁጠሩ፤ በሦስት ቀን ልዩነት ያው ቁጥር ካልመጣ አይሙሉ። ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የወረደው ብለው አይናቁት፤ ከላይ ለመጀመሪያው ወንድማችን በሰጠሁት ስሌት በሊትር አንድ ተኩል ሊትር ጋዝ ማለት ነው። መጠንዎ በሊትር 4 ግራም ስለሆነ ደህና ነው። ሆፕሱን ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቢለዩት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ የሣር ጣዕም ይሰጣል።

ከመሙላትዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉልኝ። የተነሳው እርሾ ቅቤ ቅቤ የሚል ጠረን፣ ዳያሴታይል የሚባለውን ሊተው ይችላል፤ ገና ሳይገለጥም በቢራው ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ትንሽ ናሙና ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርገው 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ሲከፈት ያሽትቱት። ቅቤ ከሸተተ ቢራውን በሞቀው ቦታ ጥቂት ቀን ይጨምሩለት፤ እርሾው ራሱ መልሶ ይበላዋል። ከሸተተው በኋላ አቀዝቅዘው ከሞሉት ግን ቅቤው ከቢራው ጋር ይኖራል።

ለወደፊቱ፣ ሆፕሱን ቢራው ከመርጋቱ በፊት፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ሲቀረው ይጨምሩት። ክዳን ሲከፈት የሚገባውን አየር ገና የሚሠራው እርሾ ይወስድልዎታል፤ ኢንዛይሞቹም ሥራቸውን ከዋናው መብላላት ጋር አብረው ይጨርሳሉ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠመቃዬ ግሩም ነበር። በግልጽ ጠርሙስ ሞልቼ መስኮት አጠገብ ደረደርኩት፤ ለዐይን ያምራል። አሁን ግን ሲከፈት የሚከረፋ ነገር ይሸታል። ሆፕሱ ነው?

መልስ፦ ሆፕሱና ብርሃኑ ተባብረው ነው። በማፍላት የተገኘው መራራ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ይሰበርና ከቢራው ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተጣምሮ ያንን ክርፋት ይፈጥራል፤ በቀጥታ ፀሐይ ሥር ደቂቃዎች ይበቁታል። የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ያውቀዋል። የተበላሸውን የሚያድን መንገድ የለም። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ጎጂ ብርሃን ያግዳል፣ አረንጓዴው እምብዛም አይጠቅምም፣ ግልጹ ምንም አያግድም። ያለዎት ግልጽ ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ካርቶን ውስጥ አስገብተው ክዳኑን ይዝጉ። የሚብላላበት መጥመቂያም ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ወፍራም ጨርቅ ያልብሱት፤ አረፋውን ለማየት በባትሪ አንድ አፍታ ማብራት አይጎዳውም።